የምክንያቷ ሣጥን

ባንኩ በጠዋቱ አላውቅሽም አላት። ቃል በቃል እንደዚያ አላለም፤ ባንክ ነውና ጨዋ ነው። ነጭ ገጽ መሃል ላይ በቀይ ጽሑፍ «የሚጠቀሙበት መሣሪያና ብሮውዘር በአዲሱ አሠራራችን አይታወቁም። ለደህንነትዎ ሲባል መግባት አይችሉም» ነው ያለው። ዘምዛሚዋ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከልብስ ሰፊዎችና ከደንበኞቻቸው ጋር ስትነታረክ የኖረች ሴት ናትና፣ እንዲህ ያለው ትህትና ሲገለበጥ ውስጡ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አነበበችው። ያው ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው፤ እንደ ልማዱ አጓርቶ፣ አቃስቶ ተነሣ። ስሟን ጻፈች፣ የሚስጥር ቁጥሯን ጻፈች። ያው ቀይ ጽሑፍ። «ሰኞ ዕለት ታውቀኝ አልነበር እንዴ?» አለችው ጮክ ብላ። ከዚያ ብቻዋን ከዕቃ ጋር እያወራች መሆኑ ትዝ ሲላት፣ የሰማት ሰው እንዳለ ለማየት ወደ መስኮቱ ዞር አለች። ማንም የለም።

ቤቷ አንድ ክፍልና ከጎኑ የተለጠፈች ጠባብ ኩሽና ነው። አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል፤ ከመስኮቱ ሥር ረጅሙ የሥራ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ዘምዛሚዋ የሚሏት ሥራዋ ዝምዘማ ስለሆነ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ዋናውን ይሰፉና ጫፍ ጫፉን ለእሷ ይልኩላታል፤ ሱሪ፣ ቀሚስ፣ መጋረጃ፣ የጠረጴዛ ልብስ። ለአንድ ሱሪ የሚከፍሏት የአውቶቡስ ቲኬት እንኳ በቅጡ አይገዛም። «እትዬ፣ ለእኛስ ምን ተረፈን?» ይሏታል፤ እሷም እንደ ስሜቷ አንድ ቀን መርቃ፣ አንድ ቀን ረግማ ትቀበላቸዋለች። ኮምፒውተሩ ያለው ከጥግ፣ ድሮ ባሏ ራዲዮ ይጠግንባት በነበረችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደ ሰው መሆን የማይወድ ሰው ነበር። ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጭነውን ሥርዓት «የኪራይ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ባሻው ቀን ያስወጣሃል» እያለ ስለሚንቅ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቶ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነበት። ሲከፈት አንድ ወፈር ያለ ፔንግዊን ብቅ ይላል። «ይኼ የማንም አይደለም፤ ስለዚህ የእኛ ነው» ይላት ነበር። እሱ ሲሞት ወፉ ለእሷ ቀረ። ሌላ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ስልኳም ከመደወልና አጭር መልእክት ከመቀበል ሌላ ሙያ የሌለው ተራ ስልክ ነው። ባንኩ ቤቷ ድረስ የሚመጣላት በዚያ ወፍ በኩል ብቻ ነበር።

«ታዲያ ይኼ ምን ያስጨንቃል፣ በእግሯ አትሄድም?» የሚል አይጠፋም። ጉዳዩ ገንዘቡ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር።

ዘምዛሚዋ አንድ ታናሽ ወንድም አላት፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እናታቸው ስትሞት አንዲት ቤት ትታላቸው ሄደች። እሱ ትሸጥ አለ፣ እሷ አትሸጥም አለች። ወንድሟ በገዛ ራሱ እንዲህ ያለ ነገር ያስባል ብላ ማመን ስላልፈለገች፣ ሚስቱ ናት ያስባለችው ብላ ደመደመች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ሴትየዋ የሻይ ትሪ ይዛ በቆመችበት፣ «ልጅ ለማታሳድግበት ቤት ይኼን ያህል ምን አስቋመጣት?» ብላ ተናገረች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ቀፈፋት፤ ግን ወጥቷል። ሚስቱ ትሪውን አስቀምጣ ወጣች። ወንድሟ ግን «ከዛሬ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጪ» አላት። ኋላ ሁለቴ ደወለችለት፤ ሁለቴም ድምፅዋን ሲሰማ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። ቤቱ አልተሸጠም፤ አንድ አናጢ ተከራየው። አናጢው ለእሷ ይከፍላል፤ እሷ የወንድሟን ድርሻ በየወሩ መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ትልካለች። ዝምድናቸው ይኸው ሆኖ ቀረ።

ገንዘብ ሲላክ ታዲያ ባንኩ «ምክንያት» የምትል አንዲት ትንሽ ሣጥን አለችው። ለብዙ ወራት «ኪራይ» ብቻ እያለች ጻፈችባት። አንድ ክረምት ላይ ግን፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ «ኪራይ። ጣራው አፍስሶ ነበር፣ አሠርቼዋለሁ» ብላ ላከች። በሳምንቱ ከወንድሟ ሒሳብ ባንኩ ለመላክ ከሚፈቅደው ሁሉ ያነሰች ገንዘብ መጣች። ምክንያቷ ላይ «ለጣራው። እጅሽ ይባረክ» ይላል። ያን ቀን መርፌ መያዝ አቅቷት ዋለች። በማግስቱ ያችኑ ገንዘብ መልሳ «ጉልበትህን ያምህ ነበር፣ እንዴት ሆነ?» አለች። «ብርድ ሲሆን ይብሳል። ዓይንሽስ?» የሚል መጣላት። እንዲህ እያሉ ያቺ ትንሽዬ ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ስትመላለስ ዓመታት አለፉ። ሣጥኗ ከአንድ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር በላይ አትችልም፤ ስለዚህ ለክፉ ቃል የሚተርፍ ቦታ አልነበረም። «ዛሬ ዝናብ ብቻዬን ሳይ ዋልኩ።» «ሰው በበዛበት መሃል ብቸኝነት አለ።» «ስትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።» ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠሩት በአገጩ ብቻ የሚመልሰው ወንድሟ በጽሑፍ እንዲህ ያለ ሰው መሆኑ ይገርማት ነበር። ዕድሜ አብስሎት ነው ትላለች፤ ደግሞም ትኮራበታለች።

ሰኞ ማታ የመጣው ግን «ሐሙስ ሆስፒታል ነኝ። ቀዶ ጥገና ነው። አትጨነቂ፣ ግን ጻፊልኝ» ይላል። ሰኞን አልተኛች፤ ማክሰኞን መጋረጃ ስትዘመዝም ጣቷን ስትወጋ ዋለች። ያልሞከረችው ቃል አልነበረም፤ ሁሉም ወይ ይረዝማል፣ ወይ ይቀዘቅዛል። ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ቃሉን አገኘችው፤ «ልምጣ?» የሚል ነው። በቃ ይኼው። ደጄን እንዳትረግጪ ያለ ሰው ነው፤ ሳይፈቅድ ዘው ብትልበት፣ ለቢላዋ በሚዘጋጅበት ቀን ደሙን ብታፈላበት፣ ከዚያ አንድ ነገር ቢሆን... ይኼን እስከ መጨረሻው ልታስበው አልደፈረችም። መልስ ባይሰጥ እንኳ፣ እህቴ ልምጣ ብላኛለች ብሎ ይግባ። ያቺን ቃል ልትልክ ነው በጠዋቱ ኮምፒውተሩን የከፈተችው፤ ባንኩም አላውቅሽም ያላት ለዚህች ቃል ነው።

የባንኩ ቅርንጫፍ ገና በሩ ሳይከፈት ሰው ተሰልፎበታል። ጥበቃው ቦርሳዋን በርብሮ መርፌ ሲወጋው «እናቴ፣ ይኼ ምንድነው?» አለ፤ «እንጀራዬ ነው» አለችው። ውስጡ አዲስ ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ ስልክ የያዙ ወጣቶች በየፎቶው ጥርሳቸውን ገልጠው ይስቃሉ። ተራዋ ደርሶ ስትቀመጥ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ጸሐፊ ክራቫቱ ከቀበቶው አልፎ የወረደ ልጅ እግር ነው። ችግሯን አዳመጣት፤ ደግ ፊት አለው።

«ሲስተም ቀይረን ነው እናቴ። ኮምፒውተርዎ ምንድነው?»

«ወፍ ያለበት ነው። ፔንግዊን።»

ልጁ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። «እሱማ አይሆንም። የታወቁት ብቻ ናቸው የተፈቀዱት። ለእርስዎ ደህንነት ሲባል ነው።»

«ከምን ነው የምትጠብቁኝ? ከገዛ ኮምፒውተሬ?»

ይኼንን ለመመለስ የሠለጠነ አይመስልም። አዲስ ስልክ ይግዙ አላት፤ የስልኩን ዋጋ ሲነግራት ስንት ሱሪ እንደሆነ በልቧ ማስላት ጀምራ ተወችው። ከዚያ ልጁ ፊቱ በራና «ምን አስቸገረዎት፣ አሁን እዚሁ እኔ እልክልዎታለሁ» አላት። የወንድሟን ሒሳብ ቁጥር በቃሏ ነገረችው። መጠኑን ሲሰማ ቀና ብሎ አያት፤ ከመላኪያው ክፍያ ያንሳል። ጻፈው። «ምክንያትስ?» አለ ጣቱን በአየር ላይ አንጠልጥሎ።

ዘምዛሚዋ ወደ ኋላዋ ዞረች። ከጀርባዋ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከረጢት የታቀፈ ነጋዴ ቆመዋል፤ ሦስቱም የሚያዩት እሷን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በሯን ዘግታ ብቻዋን ስትጽፈው የኖረችውን ነገር አሁን በመስታወት ቀዳዳ፣ ለክራቫት፣ ጮክ ብላ ልትናገር ነው። ወደ ቀዳዳው ተጠጋች።

«ልምጣ፣ ብለህ ጻፍልኝ።»

«ምን?»

«ልምጣ! መምጣት አታውቅም?»

ልጁ ማያውን አየ፣ እሷን አየ። እንደ ጥፋተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሁን ምክንያት ከዝርዝር የሚመረጥ እንጂ የሚጻፍ እንዳልሆነ አስረዳት። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ግዢ፣ ስጦታ፣ ሌላ። ከአምስቱ አንዱን። «‹ሌላ› ልበልልዎት?» አላት። ከኋላዋ ነጋዴው ተነፈሰ፤ «አንዱን ይበሉት እንጂ እናት፣ ሰው ቆሟል እኮ» አለ። ወንድሟ ነገ ቢላዋ ሥር ሊተኛ፣ ከእህቱ «ሌላ» የሚል ደረሰው ማለት ነው። እንባዋ መጣ፤ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከሚፈስስ ብላ ተነሥታ ወጣች። ልጁ «እናቴ፣ መታወቂያዎን!» እያለ እስከ በሩ ተከትሎ ሰጣት።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ሱቁ ከገበያው ጫፍ፣ ጫማ ቤትና ፀጉር ቤት መሃል የተሸጎጠ ነው። ዕድሜው ከእሷ እምብዛም የማያንስ፣ ባሏን የሚያውቅ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ቤቷ ገብታ ያመጣችውን ላፕቶፕ ከተጠቀለለበት ጨርቅ ስትፈታው «አሁንም ይተነፍሳል?» ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት። ነገሩን ስታጫውተው ግን አልተገረመም። እንዳስረዳት ከሆነ፣ ብሮውዘር የሚባለው ነገር የአንድን ድርጅት በር ባንኳኳ ቁጥር ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ የባንኩ ዘበኛ ደግሞ ከተሰጡት ስሞች ውጭ ያለውን ሁሉ ይመልሳል። ወፉ ጤነኛ ነው፣ ምንም አልጎደለውም፤ ስሙ ነው ያልተወደደው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ስሙን ቀይረን እንልከዋለን። እኔ ያ ታዋቂው ነኝ ብሎ ይገባል።»

«ይዋሻል ማለት ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ስንቱ በሰው ስም ይገባ የለም እንዴ!» አለና እየሳቀ ጣቱን አንቀሳቀሰ።

የሻይ ሂሳቧን ያህል እንኳ አላስከፈላትም። ገጹ ተከፈተ፤ ደስታዋ ግን እስከ ጉሮሮዋ ደርሶ ቆመ። ሁሉ ነገር ሰማያዊ ሆኗል፣ ሁሉ ነገር ቦታውን ለቋል። መላኪያውን ፈልገው ሲያገኙት የምክንያቷ ሣጥን የለችም። ያው የክራቫቱ ልጅ ዝርዝር ነው ያለው፤ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ግዢ፣ ስጦታ፣ ሌላ። ጠጋኙ ከላይ ፈለገላት፣ ከታች ፈለገላት፤ አንሥተዋታል። «የድሮው ግን ይኖራል» አላትና የቀድሞውን ዝርዝር ከፈተ። እዚያስ አሉ፤ ጣራው አለ፣ ጉልበቱ አለ፣ ዝናቡ አለ። ግን ከእያንዳንዱ ሥር ከዚህ በፊት አይታው የማታውቅ ቀጭን ግራጫ መስመር ተጨምሯል፤ «ላኪ» ይላል። ከእሷ የሄደው ሁሉ ሥር የእሷ ስም አለ። ከወዲያ በመጣው ሁሉ ሥር ደግሞ የወንድሟ ሚስት ስም፣ ከነአባቷ።

ዘምዛሚዋ ጣቷን ማያው ላይ አስደግፋ አንድ በአንድ ወረደች። «እጅሽ ይባረክ።» ያቺ ሴትዮ። «ዓይንሽስ?» ያቺ ሴትዮ። «ስትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።» ያቺ ሴትዮ፤ ያቺው።

«ይኼ ነገር ተሳስቷል» አለች።

«አልተሳሳተም። የጋራ ሒሳብ ነው። ድሮ ከሁለቱ የትኛው እንደላከ አያሳይም ነበር፤ አሁን ያሳያል።»

«የወንድሜ ነው እኮ። ወንድሜ ነው የጻፈው።»

ጠጋኙ ነገር እንደነካ ገባውና ብሎን ይቆጥር ጀመር። እሷ ላፕቶፑን ጠቅልላ፣ ማመስገኗን እንኳ እርግጠኛ ሳትሆን ወጣች።

ገበያውን አቋርጣ አውቶቡስ ፌርማታ እስክትደርስ ድረስ ነገሩን አንድ ጊዜ እንዲህ፣ አንድ ጊዜ እንዲያ አገላበጠችው። መጀመሪያ ተናደደች። ያቺ ሴትዮ የወንድሟን አፍ ሰርቃ፣ ሆዷን አስከፍታ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ስትስቅባት ኖራለች ማለት ነው? እሷ የጻፈችውን ሁሉ አስታወሰችና ፊቷ ጋለ። «የእናታችን ሳቅ ባንተ ላይ ቀርቷል» ብላለች፤ «ከአንተ በቀር ሰው የለኝም» ብላለች። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣላትና ሙጭጭ አለችበት። ጣቱ ወፍራም ነው፤ ስልክ ላይ መጻፍ አይሆንለትም። ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ «እንዲህ በያት» ይላል፣ ሚስቱ ትጽፋለች። አዎ፣ እንዲህ ነው። ባልና ሚስት አይደሉ? እንዲህ ከሆነ ሕመምተኛው ያው እሱ ነው፣ ነገ ቢላዋ ሥር የሚተኛውም እሱ ነው። ሣጥኗም ጠፍታለች፤ ከእንግዲህ መጠየቂያ መንገድ ስለሌለ ሳይጠሩ መሄድ ነው። ደጁን ይዝጋብኝ፤ በተዘጋው ላይ ቆሜ እጠራዋለሁ አለች።

የተሳፈረችበት አውቶቡስ መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ በማዶ ሌላ አውቶቡስ መጣ። ሾፌሩ አንድ እጁን መሪው ላይ ጥሎ፣ በሌላው ዳቦ ይገምጣል፤ ቲኬት ቆራጩ አንድ ነገር ሲለው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ። ወንድሟ ነው። ከአየችው ስንት ጊዜዋ ነው፤ ጠጉሩ ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ ጉንጩ እንደ በሰለ ቲማቲም ነው። ነገ በቢላዋ ሊቀደድ ያለ ሰው እንዲህ ዳቦ ይገምጣል? መብራቱ ለቀቀና አውቶቡሱ እያጓራ አለፈ። እሷ መስኮቱን እንደያዘች ቀረች። «እትዬ፣ ምነው፣ አመመዎት?» አላት አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ። «እኔ አይደለሁም» አለችው። ማን እንደሆነ ግን ሊገባት ጀምሮ ነበርና ከዚያ በኋላ እስክትወርድ አንድም ነገር አላሰበችም፤ ፈራች።

የወንድሟ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው እርጥብ ነው፣ አሁን የተወለወለ። በሩን ስታንኳኳ ወዲያው ተከፈተ፤ ሚስቱ ቆማለች፣ ታጥፎ ያላለቀ የሌሊት ልብስ በእጇ። ከሳለች፣ አንገቷ ቀጥኗል። ከጀርባዋ፣ ወንበር ላይ፣ አፉን የከፈተ ትንሽ ሻንጣ አለ።  ዘምዛሚዋ መንገድ ሙሉ የሰበሰበችው ንዴት ወዴት እንደገባ አጣችው።

«መልስ ሲጠፋ ተቀየምሽኝ ብዬ ነበር» አለች ሚስቱ።

«ባንኩ አላስገባ ብሎኝ ነው።»

«እኔን ጠርጥረሽ መስሎኝ።» ገለል አለችላት። «ግቢ። ውሃው እንዳያንሸራትትሽ።»

ሳሎኑ ንጹሕ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ ሶፋው ላይ የአንድ ሰው ቅርጽ የወጣበት ጉድጓድ። ዘምዛሚዋ ከጉድጓዱ ራቅ ብላ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሻይም ውሃም አልቀረበም፣ ማንም አላሰበውም። ሚስቱ የሌሊት ልብሱን ጭኗ ላይ አድርጋ እያጠፈች፣ እየፈታች፣ ቀስ ብላ አወራች። የጣራውን መልእክት ለባሏ አንብባለት ነበር። «ኪራዩን በሰዓቱ ታስገባ፤ ስለ ጣራ ማን ጠየቃት» ነው ያላት። «እንዲህ ብዬ ልጻፍልሽ? አልቻልኩም። እጅሽ ይባረክ ብዬ ሰደድኩት። ከዚያ በኋላ አንቺ ስለ ጉልበቱ ጠየቅሽ፤ እንዴት ብዬ ላቁመው?»

«ብርድ ሲሆን ይብሳል ያልሽኝ...»

«የእሱስ ድኗል። ያ የእኔ ጉልበት ነው።»

ዘምዛሚዋ አፏን ያዘች። እንግዲህ ዝናቡን ብቻዋን ስታይ የዋለችው፣ ሰው መሃል ብቸኝነት አለ ያለችው፣ ዓይንሽስ እያለች የጠየቀቻት... አንዱንም ወደ ወንድሟ መመለስ አልቻለችም። ወንድሟ ያለው ያው ስለ ጣራ ማን ጠየቃት ያለው ነው። አላዘነችም ማለት አይቻልም፤ እንደ ሞተበት ሰው አዘነች። የሞተው ግን ቀድሞም ያልነበረ ሰው ነው።

«መጀመሪያ ለእናንተ ብዬ ነበር» አለች ሚስቱ። «ትታረቃላችሁ ብዬ። ኋላ ግን ለራሴ ሆነ። እሱ ደክሞት ይመጣል፣ በልቶ ይተኛል። ክፉ አይደለም። ግን እንዴት ዋልሽ የሚለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ አንቺም እሱን ነው የምትይው።»

«ያን ቀን፣ በለቅሶው፣ ያልኩሽ ነገር...»

«አታንሺው።» ድምፅዋ ድንገት ደረቀ። «ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ። አላልኩሽም። ግን መልእክትሽ ሲዘገይ እንቅልፍ አይወስደኝም። እንዴት ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሆን አትጠይቂኝ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል።»

ዘምዛሚዋ አልጠየቀቻትም። የጠየቀችው ምንሽ ላይ ነው ብላ ነው። ጡቷ ላይ ነው። ሐኪሞቹ እስኪከፍቱት ምን እንደሆነ አናውቅም ብለዋል፤ ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ገብታ ልታድር፣ በማለዳ ለቀዶ ጥገናው ሊወስዷት ነው። ባሏ አያውቅም። እናቱ ከሞተች ወዲህ ሆስፒታል የሚል ቃል ሲሰማ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ደግሞ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ ነው የሚዞረው። ካለፈ በኋላ ትነግረዋለች። አሁን ግን ምን ሰበብ ሰጥታ ከቤት እንደምትወጣ ገና አላገኘችም። ማን አብሯት እንደሚያድር ዘምዛሚዋ ስትጠይቃት «ነርሶች አሉ» አለች፤ የሌሊት ልብሱን እንደገና ፈታችው። ዘምዛሚዋ ተቀበለቻትና በሦስት እጥፍ አድርጋ፣ ጫፍ ከጫፍ አገጣጥማ፣ ሻንጣው ውስጥ አስገባችው። ነጠላ ጫማዋን ጠየቀቻት፣ ሳሙናዋን ጠየቀቻት። የሻንጣውን ዚፕ ስትዘጋ በሩ ላይ ቁልፍ ዞረ።

ወንድሟ አንድ ጫማውን አውልቆ ሌላውን እንዳደረገ ቆመ። እህቱን ሶፋው አጠገብ፣ የሚስቱን ሻንጣ በእጇ ይዛ አያት። አልተቆጣም፤ መቆጣት ያለበት መሆኑን እንኳ የረሳ ይመስላል።  በመጨረሻ የመጣለት ነገር «የዚህ ወር ኪራይ ዘግይቷል» የሚል ነው።

«ባንኩ ነው» አለች ዘምዛሚዋ። ሻንጣውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ሥራ በዝቶብኛል፣ የሚያግዘኝ ሰው አጣሁ። ሚስትህን ለጥቂት ቀን ልወስዳት ነው።»

ወንድሟ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ወለሉን አየች። «ውሰጃት፤ እኔ ምን አገባኝ» አለና፣ እንደ ልማዱ በአገጩ ወደ ኩሽናው እያሳየ፣ እራት እንዴት ሊሆን እንደሆነ ጠየቀ። ድስቱ ውስጥ እንዳለ ተነገረው። ሁለቱ ሴቶች ከበሩ ሲደርሱ ግን ነገሩ ያን ጊዜ ገና ገባውና፣ ባለ አንድ ጫማ እግሩን እየጎተተ ተከተላቸው።

«ቆይ እስቲ፣ እናንተ ከመቼ ወዲህ ነው የተዋደዳችሁት?»

ዘምዛሚዋ ሚስቱን አየቻት። ሚስቱ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ባንክ ነው የተዋወቅነው» አለችው ሚስቱ።

እሱ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን እያየ በሩ ላይ ቀረ። እነሱ ወረዱ። ደረጃው እየደረቀ ነበር፤ ታች ያለው አምፖል ተቃጥሏል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሚስቱ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። «ፈርቻለሁ» አለች። ዘምዛሚዋ ሻንጣውን ወደ ግራ እጇ አዛውራ በቀኟ ክንዷን ያዘቻት፤ «እኔም» አለቻትና የቀሩትን ደረጃዎች ጎን ለጎን ወረዱ።